ቁስል የሚሽረው ቤት ነው

መርሳ ላይ ጡረታ የወጣ ነርስ አርፎ ይቀመጣል ያለው ማነው? ገበያ ስወጣ ቲማቲም ከምትሸጠው ሴት ጀምሮ እስከ መናኸሪያው ረዳት ድረስ ያስቆመኛል። “ሲስተር ዘይነባ፣ ባለቤቴ ኦፕራሲዮን ሊሆን ነው፤ ምን ይዤ ልሂድ?” ትለኛለች አንዷ። “ሲስተር፣ እናቴ ከተሠራች ወዲህ እህል አልቀምስ ብላለች” ይለኛል ሌላው። እኔም ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ ጥያቄ እጀምራለሁ። ከመምከር ይልቅ መጠየቅ ይቀናኛል።

የሥራ ዘመኔን መለስ ብዬ ሳየው ያሠራኝ የማወቅ ጉጉት ነው። ሐኪሙ ይከፍታል፣ ያወጣል፣ ይሰፋል። እኛ እናጥባለን፣ እናሽጋለን። ከዚያ ሕመምተኛው በወገኖቹ ትከሻ ተደግፎ ከሆስፒታሉ በር ይወጣል። ከበሩ ወዲያ ያለውን አናውቅም። ደህና የሆነ ሰው ተመልሶ አይመጣም፤ የሚመጣው የባሰበት ነው። ታዲያ ደህና የሆነው በምን ደህና ሆነ? የባሰበትስ ምን አገኘው? አንድ ዓይነት በሽታ፣ አንድ ሐኪም፣ አንድ ዓይነት ስፌት፤ አንዱ ወደ ማሳው ሲመለስ ሌላው ለምን አልጋ ላይ ይቀራል? ይህ ነገር ከወጣትነቴ ጀምሮ ይከነክነኝ ነበር።

የተወለድኩት ግራና ነው። ትምህርቴን ስጨርስ ወልድያ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተመደብኩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ በላይ ስለሱ የምለው የለኝም። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አስካለ የሚባሉ፣ ረዘም ቀጠን ያሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ነበሩ። ሙያውን ያስተማረኝ ትምህርት ቤቱ ቢሆንም ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ነገ የሚሠራ ሕመምተኛ ዘንድ ሲሄዱ ዱካ፣ አጭር በርጩማ፣ ይዘው ይሄዳሉ። አልጋው አጠገብ አስቀምጠው ይቀመጡና “በሉ እስቲ ቤትዎን ያሳዩኝ” ይላሉ። ሰውየው ግራ ይገባዋል። “ቤቴማ ሐብሩ ነው፣ እንዴት ላሳይዎት?” ይላል።

“በአፍዎ ያሳዩኝ። በሩ ሰፊ ነው ጠባብ? የሚተኙት መደብ ላይ ነው አልጋ ላይ? ውሃ የሚቀዳው ማነው? ማታ አጠገብዎ የሚተኛ ሰው አለ?”

መጀመሪያ ላይ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። “ሲስተር፣ ቆመው ቢጠይቁ ቶሎ አያልቅም?” አልኳቸው አንድ ቀን።

“ቆሞ የሚጠይቅ ሰው መልስ አይጠብቅም” አሉኝ።

ከዚያ ማሳል ያስተምራሉ። አዎ፣ ማሳል። ጋቢውን አጥፈው ሆዱ ላይ ያስቀምጡለትና “በሁለት እጅዎ አቅፈው ይሳሉ” ይሉታል። ሰው ሆዱ ከተሰፋ በኋላ ስፌቱ የሚፈነዳ ስለሚመስለው ሳሉን ይውጣል። አክታው ሳንባው ውስጥ ይተኛና ሌላ በሽታ ይሆናል። ከመሠራቱ በፊት ያልተለማመደ ሰው ከተሠራ በኋላ እሺ አይልም። ከአልጋ መነሳትም እንደዚሁ ነው፤ በጎን ዞሮ፣ መጀመሪያ እግርን አውርዶ፣ በክርን ገፍቶ። ቀጥ ብሎ እንደ ልማዱ ልነሳ ያለ ሰው ሆዱ ይቀደዳል ብሎ ይጮሃል፤ ሁለተኛ አይሞክርም።

ከቤተሰብ ጋር የሚደረገው ክርክር ደግሞ ሌላ ነው። ከሐራ አንዲት ሙሽራ መጣች፣ ጥፍሮቿ ሁሉ በሂና ቀልተዋል። ሰመመን የሚሰጠው ባለሙያ የጥፍሯን መልክ አይቶ ትንፋሽ እንዳነሳት እንዳላነሳት ማወቅ አለበት። ሂና ግን በሎሚም በሳሙናም አይለቅም። ልጅቷ አለቀሰች፤ የሚመልሷት መስሏት ነው። ሲስተር አስካለ ከንፈሯን ገልበው አዩ፣ ምላሷን አዩ። “ሂናው አያስለቅስም፤ እዚህ እናያለን” አሏትና ሰመመን ሰጪውን ጠርተው አሳዩት። አንገታቸው ላይ ክታብ ያሰሩትንም አያስጥሏቸውም፤ ከሚሠራው ቦታ አርቀው በፕላስተር ክንዳቸው ላይ ይለጥፉላቸዋል። አንድ ነገር ላይ ብቻ ፍንክች አይሉም፤ ምግብ ላይ። አንዲት አማት በነጠላዋ ሥር በሶ ደብቃ ስታበላ ያዝናት። “በባዶ ሆዱ ወደ ቢላ ይሄዳል እንዴ?” አለች። ሲስተር ተቀምጠው አስረዷት፤ ሰመመን የወሰደ ሰው ጉሮሮው እንደሚላላ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ሽቅብ ወጥቶ ወደ ሳንባው እንደሚገባ፣ ያኔ ከቢላው ይልቅ በሶው እንደሚገድለው። ሴትዮዋ እጇን ወደ ነጠላዋ ሰደደችና ቀሪውን በሶ አውጥታ ሰጠቻቸው።

ጥያቄ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ግን በአያ ሙሄ ነው። አያ ሙሄ ከሐብሩ ቆላ የመጡ ገበሬ ነበሩ፤ ቡአ ተሠርተው በደህና ወጡ። ስንሸኛቸው “ከባድ ሥራ እንዳይሠሩ” አልናቸው፤ እሺ አሉ። ወራት ሳይቆዩ ቡአው ተመልሶባቸው መጡ።

“አያ ሙሄ፣ ከባድ ሥራ አይሥሩ አላልንዎትም?” አልኳቸው ተቆጥቼ።

“ወላሂ አልሠራሁም!”

“ታዲያ ምን ሲያደርጉ ከረሙ?”

“ምንም። አረስኩ እንጂ።”

ሲስተር አስካለ ከኋላዬ ሳቃቸውን ለመቆጣጠር አፋቸውን በጨርቅ ያዙ። “አያ ሙሄ፣ ለእርስዎ ከባድ ሥራ ማለት ምንድነው?” ብለው ጠየቋቸው።

“ድንጋይ መፈንቀል ነዋ። ቤት መሥራት። ማረስማ ኑሮ ነው፣ ሥራ ይባላል?”

ሁላችንም ሳቅን፣ እሳቸውም ሳቁ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ሳስበው ሳቁ ለቀቀኝ። ስንት ሰው ነው በማያውቀው ቃል መክረን የሸኘነው? ከዚያ ወዲህ “ከባድ” የሚለውን ቃል ትቼ ሞፈር፣ ጀሪካን፣ የማሽላ ነዶ፣ ልጅ ማዘል እያልኩ በስማቸው መጥራት ጀመርኩ።

አሁን ስለ ሼህ እንድሪስ ልናገር። አንጀታቸው ተጠምዝዞ በቃሬዛ የመጡ አዛውንት ነበሩ። ይተርፋሉ ያለ አልነበረም፤ ተረፉ። ሲስተር አስካለ በማግስቱ በክንዳቸው ይዘው አስነሷቸው፤ በየቀኑ በኮሪደሩ ያመላልሷቸው ነበር። አዛውንቱ እየተራመዱ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ሲስተርም ከጎናቸው “አሜን” ይላሉ። ደህና ሆነው በልጆቻቸው ታጅበው ሲወጡ የክፍሉ ሰው ሁሉ በር ድረስ ሸኛቸው። “እቤትም በእግርዎ ይሂዱ፣ እንዳይተኙ” አሏቸው ሲስተር፤ “ኢንሻ አላህ” አሉ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትልቁ ልጃቸው ብርቱካን በማዳበሪያ ተሸክሞ ክፍላችን መጣ። ለምስጋና ነው። አባቱ ከሆስፒታል በወጡ ሰሞን ማረፋቸውን ነገረን። ልጁ አላለቀሰም፤ ይልቅ የልጅነት ግዴታውን በመወጣቱ የረካ ይመስል ነበር።

“አንድ ቀን አላንገላታናቸውም” አለ። “ከመደብ አላስነሳናቸውም። ውሃ እንኳ እስከ አፋቸው አቅርበን ነው ያጠጣናቸው። ዘመድ ሁሉ መጥቶ ጠየቃቸው፣ እኛ ደግፈን ይዘን። አንድ እግራቸው ትንሽ አብጦ ነበር፤ እሱንም በቅቤ አሸንላቸው። አንድ ጠዋት ለውዱእ ልነሳ ብለው ብድግ ሲሉ ትንፋሻቸው ተቋረጠ። አላህ ወሰዳቸው።”

እኔና ሲስተር ተያየን። ሁለታችንም ገብቶናል። ብዙ የተኛ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ጊዜ አይሰጥም። ልጆቹ አባታቸውን ያከበሩ መስሏቸው አስተኝተው ያዟቸው።

አፌን ልከፍት ስል ሲስተር እጄን ያዙኝ። “አባትህ ጥሩ ልጆች አሳድገዋል” አሉት። ብርቱካኑን ተቀብለው እስከ በሩ ሸኙት።

“ለምን አልነገሩትም?” አልኳቸው ሲመለሱ።

“ነግሬው ምን ላድርግለት? አባቱን ልመልስለት? ዕድሜ ልኩን ይዞት የሚዞረው ሸክም ልጨምርለት?”

“ነገ እናቱ ብትታመምስ?”

ብርቱካኑን ይዘው ወደ ሕመምተኞቹ ሄዱ። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ማን ልክ እንደነበረ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው ከዚያ ቀን ወዲህ ሲስተር ሕመምተኛ ለብቻው መምከር መተዋቸውን ነው። ልጅ፣ ሚስት፣ አማት፣ ጎረቤት የመጣውን ሁሉ አልጋው ዙሪያ ይሰበስባሉ። “እኛ ለሽማግሌው ነገርናቸው፤ ቤቱ ግን አልሰማም” አሉኝ አንድ ጊዜ።

ከዚያ በኋላ ወደ ግራና ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ሌላው ቅጣት ነው ብሎ የሚያማርርበትን ዝውውር እኔ ወደድኩት። ከወልድያ ተሠርተው የተመለሱ ሰዎችን እየፈለግሁ ቤታቸው እሄድ ነበር። ብዙ አየሁ። ቁስሉን ሽታ እንዳይመታው ተብሎ በርና መስኮት በተዘጋበት ጭስ ቤት ተኝቶ የሚያስል ሰው አየሁ። ቁስሏን በፈላ ውሃ በታጠበ ጨርቅ ብቻ ይዛ፣ ያለ ምንም መድኃኒት ጥርት ብሎ የሻረላት ሴት አየሁ። የሆድ ድርቀት ስፌቱን ሲያስጨንቀው በተልባና በፓፓያ የተገላገለ አየሁ። የቅቤውን ነገር እንኳ አልጠላሁትም፤ “ቅቤው ቁስሉ ላይ ሳይሆን ገንፎው ላይ ይሁን” ስላቸው ይስቃሉ፣ ይቀበሉኛልም።

ከዓመታት በኋላ ወልድያ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተመለስኩ። ሲስተር አስካለ ጡረታ ወጥተው ከተማው ውስጥ ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። አላገቡም፣ አልወለዱም። እሑድ እሑድ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፣ የክፍሉን ወሬ ያወጣጡኛል።

ጦርነቱ ወደ እኛ የመጣው በክረምት ነው። ከባድ መሣሪያ ከሩቅ መሰማት በጀመረበት ሰሞን ሲስተር ሆዳቸውን ይዘው መጡ። “እምብርቴ አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ ወርዷል። ትርፍ አንጀት ነው፤ ሐኪም አታድክሚ” አሉኝ። ሐኪሙም አይቶ ያንኑ አለ። ዱካ ይዤ አጠገባቸው ስቀመጥ ፊታቸውን አዞሩብኝ።

“ለኔ ነው የምትነግሪኝ?”

“ማሳል እንለማመድ፣ ሲስተር።”

“ይህን ትምህርት ያወጣሁት እኔ ነኝ!”

ተውኩት። ኦፕራሲዮኑ በደህና አለቀ። ገና ሁለተኛ ቀናቸው ሳለ የመሣሪያው ድምፅ ቀረበ፤ መንቀሳቀስ የሚችል ሕመምተኛ ሁሉ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ተባለ። ሲስተር ወዴት ይሂዱ? ጎረቤቶቻቸው ቤታቸውን ዘግተው ወጥተዋል። “ወንድሜ ጋ እንሂድ” አልኳቸው። ሰው በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ አስቀመጥኳቸው። መርሳ እስክንደርስ መንገዱ ሰውና ከብት ብቻ ነበር። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር አጥፌ የሰጠኋቸውን ነጠላ ሆዳቸው ላይ ጭምቅ አድርገው ይይዛሉ። ከመርሳ በባጃጅ ግራና ገባን።

ወንድሜ ይመር ገበሬ ነው፤ ሽንኩርትና ማሾ ያመርታል፣ ጓሮው ብርቱካን አለው። ሚስቱ ከድጃ ሲስተርን ስታይ አንድ ጥያቄ አልጠየቀችም። የራሷንና የይመርን አልጋ ለቅቃ አነጠፈች። ከቀናት በኋላ አካባቢያችንም በታጣቂዎች እጅ ገባ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቆረጠ። ጤና ጣቢያው ተዘጋ። ይዤ የወጣሁት ጥቂት ፋሻና አንድ ወረንጦ ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና ምግብ ነበር። ጊዜው ፍልሰታ ነው። ከድጃ የላም ወተት ይዛ ስትመጣ ሲስተር ራሳቸውን ነቀነቁ።

“እትዬ አስካለ፣ የታመመ ሰው ይጾማል እንዴ? በእኛ ሃይማኖት እንኳ ለበሽተኛ ተፈቅዷል።”

“በኛም ተፈቅዷል። እኔ ግን በዚህ ጊዜ ጾሜን አልፈታም። ሰው ሁሉ እያለቀሰ እኔ ወተት ልጠጣ?”

ከድጃ ወደ እኔ ዞረች። ቁስል የሚሽረው ገንቢ ምግብ ሲኖር እንደሆነ ነገርኳት። ወደ ጓዳ ገብታ በማሾ ወጥ ተመለሰች። ቀጥሎ ምስር፣ ቀጥሎ የሽምብራ ሽሮ፣ ለድርቀቱ ተልባና ፓፓያ። ሲስተር ጾማቸው ሳይፈርስ በሉ። ግን ጥቂት ነው የሚበሉት። ውሃ ደግሞ ጭርሱን አይጠጡም። ከንፈራቸው ደረቀ። ተነሱ ስላቸው “ደክሞኛል፣ ነገ” ይሉኛል። ማሳሉንም ይውጡታል። ሌላውን ሁሉ ያስነሱ ሴት ምን ነካቸው? ሕመሙ ነው? ጦርነቱ ሰብሯቸው ነው? ከሼህ እንድሪስ ሌላ የሚታየኝ አልነበረም። ሌሎች ሕመምተኞችንም አሰብኩ፤ ውሃ ጠጡ እያልን የምንለምናቸው፣ እሺ እያሉ ብርጭቆውን መልሰው የሚያስቀምጡት።

አንድ ቀን ከድጃና ይመር ማሳ ሲወርዱ በሩን ገርበብ አድርጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። “ሲስተር፣ ልጠይቅዎት፣ አይቆጡኝ። እንደ ነርስ ሳይሆን ማወቅ ስለፈለግሁ ነው። ለምንድነው ውሃ የማይጠጡት?”

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንደዞሩም “ሽንት ቤቱ የት ነው ያለው?” አሉኝ።

“ከብርቱካኑ ወዲያ፣ ቁልቁል።”

“ማን በር ላይ ይቀመጣል?”

“ይመርና ጎረቤቶቹ።”

“እንግዲህ፣” አሉ። “በእነዚያ ወንዶች ፊት ጎንበስ ብዬ፣ ቀሚሴን በአንድ እጄ፣ ሆዴን በአንድ እጄ ይዤ፣ አንቺ እየደገፍሽኝ በጭቃው ልውረድ? ካልጠጣሁ አልሄድም። እስከዛሬ ማንም ሽንት ቤት ወስዶኝ አያውቅም፣ ዘይነባ።” ቀጥለው ደግሞ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል፣ “ያን ሁሉ ዘመን በሩን ጠየቅሁ፣ መኝታውን ጠየቅሁ፣ ውሃ ቀጂውን ጠየቅሁ። ይህን አንድ ሰው ጠይቄ አላውቅም። ምክንያቱ ይሄ ይሆናል ብዬም አስቤ አላውቅም” አሉ።

እኔም አስቤ አላውቅም ነበር። ዓመታት ስፈልገው የኖርኩት ነገር ግማሹ እዚህ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ለይመር የነገርኩት በጥቂት ቃል ነው። ከሰዓት በኋላ ከጓሮ በር አጠገብ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ዙሪያውን በማሽላ አገዳ አጠረ፣ ለእጅ መያዣ ወፍራም እንጨት አጋድሞ አሰረ። ጭቃው ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደረ። ጎረቤቱ “ምን እየሠራህ ነው?” ሲለው “የጠቦት ጋጥ ነው” አለው። ሲስተር ከአልጋቸው ሆነው ይሰሙት ነበር። በማግስቱ ውሃ ጠየቁ። በጎናቸው ዞሩ፣ እግራቸውን አወረዱ፣ በክርናቸው ገፉ። ከጠቦቱ ጋጥ ሲመለሱ ነጠላውን አቅፈው ሳሉ፤ እንባቸው ወረደ። “ያማል እኮ! ይህን ያህል ያማል ብሎ የነገረኝ አንድ ሕመምተኛ የለም” አሉኝ።

ብዙም ሳይቆይ የቁስሉ የታችኛው ጫፍ ቀላ። ነካ ሳደርገው ይግላል። ሲስተር ራሳቸው አወቁት። “የከድጃን መስታወት አምጪልኝ” አሉ። ትራስ ደገፍ አድርጌላቸው መስታወቱን ያዝኩላቸው፤ የራሳቸውን ሆድ እንደ ሌላ ሰው ሆድ መረመሩ።

“ላዩ ላይ ነው። ውስጥ ቢሆን ሆዴ ይደርቅ ነበር፣ ትኩሳቱም ይብስ ነበር። ሁለት ስፌት ቁረጪና መግሉ ይውጣ።”

“ያለ ማደንዘዣ?”

“ማደንዘዣ አለሽ?”

አልነበረኝም። በሥራ ዘመኔ ስንት መግል አፍስሻለሁ፤ የእሳቸው ሆድ ግን ሌላ ነው። ተሳስተን ከሆነ፣ መግሉ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ከሆነ፣ የምወስዳቸው ቦታ አልነበረም። ከድጃ ውሃ አፈላች፣ ጨው ጨመርንበት። ፋሻው አልቆ ነበርና ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ቀደን ቀቀልን። ፀሐይ የለም፤ ዝናቡ አላባራም። ከድጃ የከሰል ካውያዋን አመጣችና እርጥቡን ጨርቅ እንፋሎቱ እስኪያልቅ ተኮሰችው። አዲስ ምላጭና ወረንጦውን ቀቀልኩ።

“ዝግጁ ነዎት?” አልኳቸው።

“አንቺ ነሽ ያልተዘጋጀሽው። እኔማ ተኝቻለሁ።”

ከድጃ እጃቸውን ያዘች። ክሩን በወረንጦ ሳብ አድርጌ ቆረጥኩ፤ ሁለተኛውንም። ስፌቱን ቀስ ብዬ ከፈት ሳደርገው መግሉ ፈሰሰ። ሲስተር ጥርሳቸውን ነክሰው ጣራውን ያያሉ። ከድጃ “ያ ረብ፣ ያ ረብ” ትላለች።

“ምን ይመስላል?” አሉ ሲስተር።

“ወፈር ያለ፣ ቢጫ።”

“ሽታውስ?”

“ብዙም የለው።”

“ወለሉስ ይታይሻል?”

በጨው ውሃው አጠብኩና አየሁ። ከሥሩ ጤነኛ ሥጋ ነበር፤ ወደ ውስጥ የሚሄድ ቀዳዳ የለም። “ይታየኛል፣ ቀይ ነው” አልኩ። ያኔ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እሳቸው መስታወቱን ጠየቁ። “አትስፊው። ጨርቁን አርጥበሽ አስገቢበት፣ ከሥሩ እየሞላ ይምጣ” አሉ፤ ቀጥለውም “ቆንጆ ነው” አሉ፣ የሌላ ሰው ቁስል እያዩ እንደሆነ ሁሉ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ማጠብ፣ መተኮስ፣ መቀየር ሥራችን ሆነ። ቁስሉ በየቀኑ ሲጠብ ሁለታችንም በመስታወቱ እናየዋለን፤ ከድጃም ሳታይ አትውልም። አንድ ጠዋት ተኩስ እየቀረበ ነው ተባለና የሰፈሩ ሰው ወደ ተራራው ጥግ መሸሽ ጀመረ። ይመር አህያ ሊጭንላቸው ሲል ሲስተር እምቢ አሉ። “የአህያው መነቅነቅ ስፌቴን ይቀድደዋል፣ በእግሬ እወጣለሁ” አሉ። ከድጃን ተደግፈው፣ በየጥላው እያረፉ ወጡ። ከዋልንበት ዋሻ ሆነን ተኩሱ እስኪርቅ ጠበቅን። ማታ ሲመለሱም በእግራቸው ነው። ያን ቀን መራመድ ባይችሉ ኖሮ ትተናቸው አንሄድም ነበር፤ በይመር ቤት ደግሞ ልጆችም ነበሩ። ከዚያ በላይ ላስበው አልወድም።

ጾሙ ሲፈታ ይመር ዶሮ ያዘ። ሲስተር የእስላም ሥጋ እንደማይበሉ ያውቃል፤ ለማንም ሳይናገር ከወንዙ ማዶ ወደሚኖር ክርስቲያን ወዳጁ ሄዶ ከነቢላው አመጣው። ሰውየው አርዶ ገነጣጠለ፣ ሚስቱ በራሷ ድስት ሠርታ ላከች። እኛ ማሾአችንን፣ እሳቸው ዶሮአቸውን ይዘን በአንድ ቤት ተቀምጠን በላን። “ይመር፣ አንተ እኮ ነርስ ነህ” አሉት። አንገቱን ደፋ፤ ምስጋና አይችልበትም።

መንገድ ተከፍቶ ወልድያ የተመለስነው ክረምቱ አልፎ፣ ማሽላው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው። ይመር ሽንኩርትና እህል ተሸክሞ አብሮን መጣ። የሲስተር ቤት በሩ ተገንጥሏል። ገባን። አልጋው የለም፣ ፍራሹ የለም፣ ወንበርና ሳጥን የለም። መሐል ወለሉ ላይ ቆመው ዙሪያውን አዩ። እኔ ይወድቃሉ ብዬ ጠጋ አልኩ።

“ምን ትቆማላችሁ?” አሉን። “እንግዶቼ እኮ ናችሁ። ተቀመጡ።”

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ሲሚንቶው ላይ ለይመር አነጠፉለት። ይመር እምቢ ሊል ሲል በዓይናቸው አስቀመጡት። ከዚያ ራሳቸው፣ ምንም ሳይዙ፣ ማንንም ሳይደገፉ ወደ ወለሉ ዝቅ ብለው ተቀመጡ። ጥቂት አረፉ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሽንኩርቱ አወሩ። “ውሃ እንኳ አላቀረብኩላችሁም” አሉና በጎናቸው ዞሩ፣ እግራቸውን ሰበሰቡ፣ በእጃቸው ወለሉን ገፍተው ብድግ አሉ።

እኔ ለመደገፍ ተነስቼ ነበር። ይመር ቀሚሴን ሳብ አድርጎ መልሶ አስቀመጠኝ። ሲስተር አስካለ ባዶውን ቤት አቋርጠው ጓዳ ገቡ። የተረፈ ጣሳ ሲፈልጉ፣ ሲያገኙ፣ ሲያለቀልቁ ተቀምጠን ሰማናቸው።